የበዓሏ ጠርሙስ ምሳ ዕቃ ውስጥ ስትገባ

የዛሬው ዝግጅት ስለ ልጆች አመጋገብ ነው፤ በተለይም ከሱቅ መደርደሪያ አልፎ በየቤቱና በየምሳ ዕቃው ቦታ ስላገኘው ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ።

አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ለአራት ልጆች በሚካፈልበት ቤት ያደገ ሰው የቆርኪውን ድምፅ አይረሳም። ቀኑ እንቁጣጣሽ ነው፣ ወይም ፋሲካ፣ ወይም ኢድ። እናት አራት ብርጭቆ ትደረድራለች፤ ጎንበስ ብላ ዐይኗን ከብርጭቆዎቹ አፍ ጋር ታስተካክልና ጠብ ጠብ እያደረገች ትቀዳለች። አረፋው እስኪወርድ ይጠበቃል። «የሱ በለጠ» የሚል ካለ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ይገለበጣል። ቆርኪው ለልጆቹ መጫወቻ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ግን የሱቅ ነውና ይመለሳል። ሌላ ለማየት የሚቀጥለውን በዓል ወይም የእንግዳ መምጣትን መጠበቅ ነው።

እዚያ ቤት ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ነበር። በዓመት ስንት ጊዜ ቢባል በጣት የሚቆጠር።

ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሁለተኛው ፋብሪካ በ1965 ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ለረጅም ዘመን የክብር መጠጥ ሆኖ ቆየ። ሠርግ ቤት ጠጅና ጠላ ለማይቀምሰው ይቀርባል፤ የታመመ ለመጠየቅ ሲኬድ ይያዛል፤ ልጅ ያለበት ቤት ባዶ እጅ ስለማይኬድ ለልጁ ይገዛል። ስሙም አግዞታል። «ለስላሳ» የተባለው አልኮል የለውም ለማለት ብቻ ነው፤ ጆሮ ግን «ሰውነት ላይ የማይከብድ» አድርጎ ይሰማዋል። አልኮል የሌለው ሁሉ ለልጅ ይሆናል የሚለው እምነት የገባው በዚህ በር ሳይሆን አይቀርም።

የዛሬው ልጅ ግን በዓል አይጠብቅም። በከተማ ብዙ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ባለ ሁለት ሊትሩ ፕላስቲክ ቆሟል። ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ባለው ሱቅ በጥቂት ብር የሚገዛ ሁሉ ጣፋጭ ነው። ምሳ ዕቃው ውስጥ ከብስኩቱ ጎን በካርቶን የታሸገ ጁስ ይገባል፤ ውሃ ሲጠላ በዱቄት ጁስ ይበጠበጥለታል። የልደት ቀን ደግሞ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ አርባ ልደት አለ። ይህ ዝግጅት ከበዓሏ ጠርሙስ ጋር ጠብ የለውም። የሚያሳስበው የበዓሉ መጠጥ የዘወትር መሆኑ ነው፤ ያም በልጅነት።

መጠኑን በዐይን ለማየት ማንም ቤቱ ሊሞክር ይችላል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የኮካ ጠርሙስ፣ የስኳር ዕቃና የሻይ ማንኪያ ይቅረብ። በብዙ አገር የሚሸጠው መደበኛው ኮካ በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ስኳር አለው፤ ለጠርሙሱ ሲሰላ ወደ 32 ግራም ይመጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ሲሆን 4 ግራም ገደማ ይይዛል። እንግዲህ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ስምንት መቁጠር ነው። ስምንተኛው ላይ የብርጭቆው ታች ነጭ ሆኖ ይቆለላል። ባለ ግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ ከሆነ ቆጠራው አሥራ ሦስት ይደርሳል። የሌሎቹ ዓይነቶች መጠን እንደ ጣዕሙና እንደ አገሩ ይለያያል፤ ጀርባቸው ላይ «ስኳር» በሚለው መስመር በ100 ሚሊ ሊትር የተጻፈውን ቁጥር ማየት ይበቃል።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ2 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከምግብና ከመጠጥ የሚያገኘው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም በታች ይሁን ብሏል፤ ይህም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ጨርሶ አይጨመር ይላል። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን ልክ አልፋዋለች ማለት ነው። ሻዩ፣ ብስኩቱና ከረሜላው ገና አልተቆጠሩም።

እዚህ ላይ አድማጭ ሊጠይቅ የሚገባው አለ። ሻይ ውስጥ ስኳር ሲበዛ ወዲያው «ማር አደረግሽው!» ይባላል። የጠርሙሷን ስኳር በሁለት የሻይ ብርጭቆ ብናካፍለው ለየብርጭቆው አራት ማንኪያ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለውን ሻይ ብዙ ሰው ገፋ ያደርገዋል። ታዲያ ምላስ በለስላሳው ላይ ስለምን አይጮኽም? አንደኛው ምክንያት ቅዝቃዜው ነው፤ የቀዘቀዘ ነገር ጣፋጭነቱ ይደበዝዛል። ይህን ለማረጋገጥ ሲሞቅ የዋለ ለስላሳ መቅመስ ነው፤ ያንገሸግሻል። ሁለተኛው አሲዱ ነው። ኮላዎቹ ፎስፎሪክ አሲድ፣ የብርቱካንና የሎሚ ጣዕም ያላቸው ሲትሪክ አሲድ ይጨመርባቸዋል። ኮምጣጣው ጣፋጩን ይሸፍነዋል፤ ስምንቱ ማንኪያ ሳይታወቅ ይወርዳል።

አሲዱ ግን ምላስን አታሎ ብቻ አያልፍም። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ጠንካራ ቢሆንም ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በሚበረታበት የፒኤች መለኪያ አፍ ከ5.5 በታች ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል፤ ኮላ ራሱ 2.5 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ በአፍ ውስጥ ያሉ ተህዋስያን ስኳሩን በልተው የራሳቸውን አሲድ ያመርታሉ። ምራቅ ይህን አጥቦ አፉን ወደ ቦታው ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ከምሳ ጋር አንዴ የጠጣ ልጅና ክዳን ያለውን ፕላስቲክ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጎነጭ የሚውል ልጅ እኩል አይደሉም። የሁለተኛው ጥርስ ፋታ አላገኘም። ከሁሉ የከፋው በጡጦ ጣፋጭ ነገር ይዞ የሚተኛው ሕፃን ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳል፣ ስኳሩም ሌሊቱን ሙሉ የፊት ጥርሶቹ ላይ ያድራል።

አንድ ነገር በቅርበት ይታይ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከኋላ፣ ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ፣ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይወጣሉ። የወደቀ ጥርስ ስለሌለ ማንም መብቀላቸውን ልብ አይልም። ሲቦረቦሩም «የወተት ነው፣ ይነቀላል» ተብሎ ይተዋል። እነዚህ ግን ቋሚ ናቸው፤ ከጠፉ ሌላ አይተካቸውም። የዘወትር ለስላሳ የሚጀመረውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ዛሬ ማታ በባትሪ የልጁን አፍ ቢያይ ከዚህ ዝግጅት ትልቁን ትርፍ አገኘ ማለት ነው።

ከአፍ ወደ ሆድ እንለፍ። የምግብ ባለሙያዎች የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘውን ሲያሰሉ በአንድ ኪሎ ክብደት 30 ግራም ገደማ ይወስዳሉ። 9 ኪሎ የሚመዝን የአንድ ዓመት ሕፃን ሆድ እንግዲህ 270 ግራም ያህል ይይዛል፤ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ያንሳል። ያቺን ጠባብ ቦታ ግማሹን እንኳ በለስላሳ የሞላ ሕፃን ገንፎው ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እናት «ልጄ ምግብ አይበላም» ብላ ትጨነቃለች፤ ልጁ ግን ጠግቧል። የጠገበው ብረት፣ ፕሮቲንና ዚንክ በሌለው ነገር መሆኑ ነው ጉዳቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የመቀንጨር መነሻው ብዙ ነው፤ ድህነትም፣ በሽታም፣ የውሃ ንጽሕናም አለበት። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ግን የቤቱ ጥቂት ብር ለእንቁላል መዋሉ ቀርቶ ለለስላሳ ሲሆን ኪሳራው እጥፍ ነው። ስለዚህ ለስላሳ የወፍራም ልጅ ችግር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ውፍረቱም ቢሆን ተጠንቷል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 12 ዓመት ገደማ የሆኑ 641 ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ ይሰጣቸዋል፤ የግማሾቹ ስኳር አለው፣ የግማሾቹ የለውም፤ ጣዕሙ ተቀራራቢ ስለሆነ ልጆቹ የትኛው እንደደረሳቸው አይነገራቸውም። ከ18 ወር በኋላ ሲመዘኑ ስኳር ያለውን ሲጠጡ የቆዩት በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ በልጠው ተገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። በቀን አንዲት ብርጭቆ ናት ልዩነቱን ያመጣችው። ሆዱ ከሕፃን ሆድ በሰፋ ልጅ ላይ የተጠጣ ስኳር እንደተበላ ምግብ ስለማያጠግብ ከጠጣ በኋላም የወትሮውን ያህል ሊበላ ይችላል።

ከጥናቶቹ ሁሉ ይበልጥ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚቀርበው ግን የእንግሊዙ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ነገሩ የራሽን ስኳር ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ለመውሰድ የተሰለፈ፣ ወይም በቅርቡ ከሸማቾች ማኅበር ኪሎ ስኳር የጠበቀ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ብሪታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1940፣ ስኳርን በራሽን አደረገች። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ራሽኑ ቀጥሎ የተነሣው በመስከረም 1953 ነው። በራሽኑ ዘመን የአንድ ሰው ፍጆታ በቀን 40 ግራም ገደማ ነበር፤ ሲነሣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ 80 ተጠጋ።

ልጅ ሆነው በዚያ መሸጋገሪያ ላይ የነበሩት ሰዎች አሁን ሰባዎቹን ይዘዋል። ተመራማሪዎች ራሽኑ ሳይነሣ የተፀነሱትንና ከተነሣ በኋላ የተፀነሱትን፣ በድምሩ 60,000 ያህል ሰዎች፣ የጤና መዝገብ አነጻጸሩ። በእናታቸው ማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስኳር በልክ የደረሳቸው፣ በስተርጅና በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት ደግሞ በ20 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በበሽታው የተያዙትም ቢሆኑ ስኳሩ አራት ዓመት፣ ግፊቱ ሁለት ዓመት ዘግይቶባቸዋል። ጥናቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። እነዚያ እናቶች ስኳር የነሡት ለጤና ብለው አልነበረም፤ ስለሌለ ነው። የሁለት ዓመት እጥረት ግን ከስድሳ ዓመት በኋላ ሰውነት ላይ ተነበበ።

ነፍሰ ጡር «አማረኝ» ስትል ለስላሳ የሚያቀርብላት ባል ይህን ቢሰማ ጥሩ ነው። ጠብታ አትቅመስ ለማለት ሳይሆን፣ በየቀኑ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ሕፃናት ሕክምና ክፍል እንግባ። ከአልጋው ራስጌ ካለው ኮመዲኖ ላይ ጠያቂ ያመጣቸው ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር። አክስት አንዱን ከፍታ ተቅማጥ ይዞት ላደረ ልጅ በማንኪያ ትሰጠዋለች፤ «ጉልበት ይሆነዋል» ብላ። ፍቅሯ እውነተኛ ነው፤ የምትሰጠው ግን የሚያስፈልገው አይደለም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው፣ በፓኬት ተሰጥቶ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠው፣ በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ብቻ ነው ያለው። ስኳሩና ጨው በልክ ሲገናኙ አንጀት ውሃውን ይስባል። ኮካ በሊትር 106 ግራም ስኳር አለው፤ ስምንት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጨው ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ስኳር አንጀት ውስጥ ሲገባ ከሰውነት ውሃ ስቦ ያወጣል፤ ተቅማጡም ሊብስ ይችላል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ንጥረ ነገሩ፣ የጡት ወተትና ከጤና ባለሙያ የሚሰጠው የዚንክ ኪኒን ነው መድኃኒቱ። ጠያቂዋ ብርቱካን ወይም እንቁላል ብትይዝ ክብሩ አይጎድልም።

የአመጋገብ ለውጥ ምን ያህል ፈጥኖ ሰውነት ላይ እንደሚታይ ከቤተ እስራኤል የተሻለ ምስክር ለማግኘት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1984ቱና በ1991ዱ የማጓጓዝ ዘመቻዎች እስራኤል የገቡት ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ሲመረመሩ የስኳር በሽታ የሌለ ያህል ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ሐኪሞች በሽታውን በወጣቶችና በቀጫጮችም ላይ ሳይቀር አገኙት። ጤፉና ሽሮው በነጭ ዳቦ፣ የእግር መንገዱ በአውቶቡስ፣ ውሃው በጣፋጭ መጠጥ ተተክቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐዴራ በምትባል የእስራኤል ከተማ «ጤና ብሪዑት» የሚባል ድርጅት የተቋቋመው ለዚህ ነው። ስሙ አንድ ቃል በሁለት ቋንቋ ነው፤ ብሪዑት በዕብራይስጥ ጤና ማለት ነው። ምክሩን በአማርኛ፣ በሽማግሌዎች ወግ፣ በምግቡ ስም እየጠሩ መስጠት ሥራቸው ሆነ።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በሊትር አንድ ፔሶ ታክስ ጣለች፤ በመጀመሪያው ዓመት ግዢው በአማካይ 6 በመቶ ቀነሰ። በ2020 ስኳር በበዛበት ዕቃ ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አደረገች። ብሪታንያ በሚያዝያ 2018 ያወጣችው ታክስ ብልሃቱ ሌላ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ላለው መጠጥ ክፍያ የለም። ብዙ ፋብሪካዎች ታክሱ ሳይደርስ ስኳሩን ቀነሱ። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ2017 በጋዝ ለስላሳ ላይ 50 በመቶ ታክስ ጥለው ነበር። እነዚህ ሁሉ ይረዳሉ። ልጁ ግን ከሕግ ጋር ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር ነው ቁርስ የሚበላው፤ ስለዚህ ቤቱ ሕጉን መጠበቅ የለበትም።

ቤት ምን ያድርግ? መጀመሪያ ውሃ። ልጅ ውሃ የሚጠላው ጣፋጭ ስለለመደ ነው፤ ለውጡም በአንድ ቀን አይመጣም። የዱቄት ጁሱን ማንኪያ በየሳምንቱ እየቀነሱ ማቅጠን፣ የሻዩን ስኳር ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ማውረድ ይቻላል፤ ምላስ በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ጋዙን ለሚወድ ልጅ ጣዕም ያልተጨመረበት አምቦ ውሃ ሎሚ ተጨምቆበት ይስማማዋል። አብሽ፣ ተልባ፣ በሶ ከአያት ቤት ያልጠፉ መጠጦች ናቸው፤ ስኳር ሳይበዛባቸው ይሠሩ። ማርና ብርዝም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት ሲቆጥራቸው ከስኳር ጋር ነው። ጁስ ቤት የሚገቡ ሰዎች «ስኳር አይጨመርበት» ማለት ይልመዱ፤ አቮካዶውና ማንጎው ራሳቸውን ይችላሉ። ከሁሉ ይልቅ ፍሬውን ሙሉውን መብላት ይሻላል።

ልጁ ሌላው ሲጠጣ አይቶ ይጎመጃል የሚለው ጭንቀት ከባድ ነው፤ የማንም ወላጅ አንጀት አይችለውም። እሱን የሚፈታው ወላጆች ተነጋግረው በአንድ ክፍል ውስጥ ልደትን በወር አንዴ ባንድ ላይ ማክበርና የምሳ ዕቃውን መጠጥ ውሃ ብቻ ማድረግ ነው። ሁሉም ውሃ ከያዘ የሚጎመጅ የለም። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ እናት ወይም አባት እጅ አውጥቶ ቢጠይቅ ይበቃል።

አድማጮች፣ ነገ ጠዋት የልጅዎን ምሳ ዕቃ ሲያዘጋጁ በለስላሳው ፋንታ ውሃ ይያዙለት። ጠርሙሷን ለእንቁጣጣሽ ያቆዩለት፤ ያን ቀን ብርጭቆ ደርድረው ለልጆቹ እኩል ይቅዱላቸው።